አሮጌ ፊያት ስፓይደር አዲስ አበባ ላይ ለማሠራት ያሰባችሁ፣ ይህን አንብቡ

ከውጭ መጥታችሁ የቤተሰብ አሮጌ መኪና ለማሠራት የምታስቡ፣ ቁልፉን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። በዚህ ክረምት የአባቴን ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ይዤ ሁለት ጋራዥ ገብቻለሁ። አንደኛው አቃጥሎኛል። ሁለተኛው ደግሞ በምኖርበት ሜሪላንድ እንኳ በቀላሉ የማይገኝ ሥራ ሠርቶልኛል።

መኪናው እ.ኤ.አ. የ1968 ሞዴል ነው። ሁለት በር፣ የሸራ ጣሪያ፣ 1438 ሲሲ ሞተር፣ አምስት ማርሽ። አባባ በ1967 ዓ.ም. አገር ለቆ ከሚሄድ ጣሊያናዊ ነው የገዛው። እኛን ልጆቹን ከኋላ አጭቆ ደብረ ዘይት የሚወስደን በዚህ መኪና ነበር። ጉልበቱ ከደከመ ወዲህ ግቢ ውስጥ ቆሞ ቀረ። ለምን አትሸጡትም የሚለን ሰው ብዙ ነው። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ተከልክሏል፤ ይህ ከሄደ ሌላ አይተካም። ደግሞም የአባባ ነው።

ሰው የጠቆመኝ የመጀመሪያው ጋራዥ ትልቅና ንጹሕ ነው። እንግዳ መቀበያ አለው፣ ማኪያቶ ያቀርባሉ፣ ሠራተኞቹ አንድ ዓይነት ቱታ ለብሰዋል። ችግሩን በዝርዝር ነገርኳቸው። ሚኒሞ አይዝም (ጋዝ ሳይረገጥ ሞተሩ ጸንቶ አይዞርም)፣ ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ ይጎትታል፣ ለዓመታት ቆሞ ነበር። አንድ ወጣት የመመርመሪያ ኮምፒውተር ይዞ መጣና የሚሰካበት ቦታ ይፈልግ ጀመር። እ.ኤ.አ. 1968 ላይ የተሠራ መኪና ላይ ምን ይሰካል? ኃላፊው መጣ። ወደ እኔ ሳይሆን አብሮኝ ወደነበረው የአጎቴ ልጅ እያየ፣ «ይሄ እኮ ላዳ ማለት ነው፣ ቀላል ነው» አለ።

የነገሩ ሥር እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ላብራራ። ላዳ የፊያት 124 ልጅ መሆኑ እውነት ነው። ሩሲያኖቹ ከፊያት ጋር ተዋውለው ባለ አራት በሩን 124 ቶሊያቲ ላይ አመረቱት፣ ከዚያ የእኛ ሰማያዊና ነጭ ታክሲ ሆነ። ሞተሩ ግን ሌላ ነው። ላዳው አንድ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ) አለው፣ የሚያዞረውም ካቴና ነው። ስፓይደሩ ሁለት ካምሻፍት አለው፣ የሚያዞራቸው የላስቲክ ቺንጋ ነው። ሞተሩን የነደፈው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ፊያት ከመግባቱ በፊት የፌራሪ መሐንዲስ ነበር። የኋላ ፍሬኑም ይለያል። ላዳው ከበሮ፣ ስፓይደሩ ዲስክ። ካቴና እያረጀ ሲሄድ ይጮኻል፣ ያስጠነቅቃል። ቺንጋ ግን ድምፅ ሳያሰማ ይበጠሳል፤ ሲበጠስ ቫልቭና ፒስቶን ሊጋጩ ይችላሉ። ስለዚህ ስፓይደርን ላዳ ነው ብሎ የሚጀምር ሰው የመጀመሪያውን አደጋ አያየውም ማለት ነው።

እነሱም አላዩትም። መኪናውን ተቀበሉ፣ «ነገ ይደርሳል» አሉ። ነገ ከሰዓት ሆነ፣ ከሰዓት ሰኞ ሆነ፣ ሰኞ «ዕቃ እየተፈለገ ነው» ሆነ። ምን ዕቃ እንደሆነ የሚነግረኝ ጠፋ። ከዚያ ስልክ ማንሳት አቆሙ። የመመለሻ ቀኔ እየደረሰ፣ አባባ በየማታው «መኪናዬስ?» እያለኝ፣ በአካል እየሄድኩ መቀመጥ ጀመርኩ። እኔ በምኖርበት አገር ብሎን ከመፍታታቸው በፊት ግምቱን በጽሑፍ ይሰጡሻል፣ ተጨማሪ ሥራ ከተገኘ ደውለው ያስፈቅዳሉ፣ አሮጌውን ዕቃ ከፈለግሽ ይመልሱልሻል። ይህን ስላቸው ኃላፊው «እህቴ፣ እዚህ አሜሪካ አይደለም» አለኝ። አዲስ አበባ መሆኑን አጥቼው አይደለም፤ ተወልጄ ያደግኩበት ከተማ ነው። አባቴ እዚሁ ከተማ ውስጥ ስንት ዓመት መኪና አሠርቷል፣ እንዲህ ያለ መልስ ሰምቶ አያውቅም።

በመጨረሻ አለቀ ተባለ። ኮፈኑን ከፈትኩ። የአባባ ዌበር ካርቡሬተር፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ የለም። በቦታው የላዳ ካርቡሬተር፣ ከሥሩ ቶርኖ ቤት በተቆረጠ ብረት ተለጥፎ ቆሟል። ሒሳቡ 58,000 ብር። ወረቀቱ ላይ «ዕቃ» እና «የእጅ ዋጋ» ከማለት በቀር ምንም የለም። አሮጌው የታለ ስል «ሞቷል፣ ተጥሏል» አሉኝ። ካላየሁ አልከፍልም ብዬ እዚያው ተቀመጥኩ። የአጎቴ ልጅ ተቆጣ፣ ድምፅ ከፍ አለ፣ ደንበኞች ዞር ዞር አሉ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ከዕቃ ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ወጣ። በጨርቅ ተጠቅልሏል። ይጣላል የተባለ ዕቃ በጨርቅ አይጠቀለልም። የአጎቴ ልጅ ደግሞ በማግሥቱ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርዶ ያንኑ የላዳ ካርቡሬተር ዋጋ ጠየቀ። ከተከፈለው ሲሶ አይሞላም። ዲያስፖራ ነች ብለው የጫኑብኝ ነው፣ ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም።

መኪናውስ? ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ ዳገት ላይ ይታፈናል። ፍሬኑ እንደ ድሮው ወደ ግራ ይጎትታል።

ሁለተኛውን ያገኘሁት በአባባ በራሱ ነው። ድሮ የሚያሠራቸው ሰው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አሉ፣ በሕይወት ካሉ ሞክሪ አለኝ። አሉ። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ጠባብ ግቢ፣ ሁለት ልጆች ያግዟቸዋል። ኮፈኑን ሳይከፍቱ መጀመሪያ የጠየቁኝ «ቺንጋው ከተቀየረ ስንት ጊዜ ሆነው ልጄ?» ብለው ነው። እኔ ያኔ ነው ልቤ ያረፈው። ሽፋኑን ፈተው ቺንጋውን አሳዩኝ። ላስቲኩ ተሰነጣጥቋል፣ ጥርሶቹ መበላት ጀምረዋል። ጋሽዬ ከዚያ በኋላ ሞተሩ እንዲነሣ አልፈቀዱም። «የሄደው ኪሎ ሜትር ትንሽ ነው ብለሽ አትዘናጊ፣ ላስቲክ ቆሞም ያረጃል» አሉኝ።

ካርቡሬተሩን ራሳቸው ገነጣጥለው አጠቡ። ውስጡ ያለው ጂግለር (ቤንዚን የሚመጥን ባለ ቀዳዳ ብሎን) ከፋብሪካው የመጣው እንዳልሆነ ያሳዩኝም እሳቸው ናቸው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይሳሳል። ለፊያት ከተማ ለቶሪኖ የተለካ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። የድሮዎቹ ሰዎች ይህን አውቀው ጂግለሩን በአነስተኛ ለውጠውታል። ያ ጋራዥ «ሞቷል» ያለው እንግዲህ ለዚህ ከተማ አየር ተስተካክሎ የኖረውን ካርቡሬተር ነው። አሁን ሳስበውም ያናድደኛል።

የፍሬኑ ችግር ዝገት ነው፤ የቀኝ ካሊፐር (ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው ዕቃ) ፒስተን ተጣብቋል። አላቅቀው አጸዱት። የውሃ ፖምፓው ኩሽኔታም ተበልቶ ስለነበር ተቀየረ። የጎደለውን ዕቃ፣ ቺንጋውን፣ ጓርኒሲዮኑንና የካሊፐሩን ላስቲክ፣ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ጓደኛ ሻንጣ ከአሜሪካ አስመጣሁ። ከተሠሩት ስፓይደሮች አብዛኞቹ የተሸጡት አሜሪካ ስለሆነ ዕቃው እዚያ እንደ ልብ ይገኛል። የሚሠራው ሰው ነው እዚያ የሚቸግረው። ጎረቤቴ ካርቡሬተር የሚያስተካክልለት ፍለጋ መኪናውን ሌላ ስቴት ድረስ ጭኖ ይሄዳል።

ጉድለት የለም አልልም። ሥራቸው ቀስ ያለ ነው። መብራት ሲጠፋ ቶርኖ ቤቱም ስለሚቆም ሁሉም ይቆማል። የታተመ ደረሰኝ የለም። ግን የሠሩትን ሁሉ በደብተር ጽፈው ገጹን ቀደው ሰጡኝ፣ የወጣውን ዕቃ አንድ በአንድ በካርቶን መለሱልኝ፣ የጠየቁት የእጅ ዋጋም አሳፈረኝ። ጨምሬ ስሰጣቸው በግድ ነው የተቀበሉኝ።

አባባን ከጎን አስቀምጬ እንጦጦ ወጣን። 3,000 ሜትር ላይ እንኳ አልታፈነም፣ ጭስ የለም፣ ሚኒሞው ቀጥ ብሎ ይይዛል። ቦሎውንም ያለ ችግር አልፏል።

እናንተም የምትሄዱበት ጋራዥ የትም ይሁን፣ ገና ስትገቡ ስለ ቺንጋው ጠይቁ። «ይሄ ካቴና ነው» ካሏችሁ ቁልፉን ይዛችሁ ውጡ። ካርቡሬተሩን ከመፈታቱ በፊት በስልክ ፎቶ አንሡት፣ ቁጥሩ እንዲታይ። የጋሽዬን አድራሻ እዚህ አልጽፍም፤ የእውነት የሚፈልግ ሰው በግል ይጻፍልኝ፣ አስፈቅጄያቸው እሰጣለሁ።

የቀረኝ የሸራው ጣሪያ ነው። መጋጠሚያው ላይ ተቀዷል፣ ዝናብ ያስገባል። የመኪና ሸራ በደንብ የሚሰፋ፣ ልኩን ከአሮጌው ላይ ወስዶ የሚቆርጥ ሰው አዲስ አበባ ላይ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። ለገና እመለሳለሁ።