ደብረ ብርሃን የግብር ቅሬታ ያጻፍኩበት ቤት

የግብር ቅሬታህን የት አጻፍክ ብሎ ሰው ደጋግሞ ስለጠየቀኝ እዚሁ ልጻፈው። የጸሐፊውን ስም ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እነግራለሁ።

መንዝ ውስጥ ብርድ ልብስና ጋቢ እሸጣለሁ። የግብር ገማቾቹ ሱቄ የመጡት ኅዳር ላይ ነው፣ ውርጩ አጥንት ሰብሮ የሚገባበት፣ ሰው ብርድ ልብስ ሳይከራከር የሚገዛበት ጊዜ። የዚያን ሰሞን ሽያጭ ይዘው ዓመቱን ሙሉ አባዙት። ውሳኔው ሲደርሰኝ ቁልፉን አስረክቤ ልሂድ ምንም አልቀረኝም። ቅሬታ ማቅረቢያው ሊያልፍ 4 ቀን ሲቀረው በጣርማ በር አድርጌ ደብረ ብርሃን ሄድኩ።

ሰፈር ያጻፍኩትን ወረቀት ለማመልከቻ ጸሐፊው ሰጠሁት። ሁለት ገጽ ሙሉ «የልጆች አባት ነኝ» ነው። አነበበና በእስክሪብቶ ሰረዘው።

«ደረሰኝ አለህ?»

የለኝም።

«የዱቤ ደብተርስ?»

እሱማ አለኝ። ጣቱን ምራቅ እያስነካ ገጽ በገጽ ገለጠው። ግንቦት ላይ ሲደርስ ቆመ፤ በወሩ የተሸጠው ሁለት ጋቢና አንድ ብርድ ልብስ ነው፣ ብርድ ልብሱም እስካሁን አልተከፈለም። «የምንፈልገው ይቺን ነው» አለኝ። ማመልከቻው አንድ ገጽ ተኩል ሆነ፣ ደብተሩ አባሪ።

ሁላችንም የግብር አስተዳደር አዋጅ 983/2008 እያልን ነው የምንሄደው። እሱ የፌዴራል ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 የግል ነጋዴን ትርፍ የሚያስገብረው ክልል ስለሆነ አንተን የሚመለከትህ የክልሉ አዋጅ ነው ብሎ አስተካከለኝ። ለምሳሌ በዚያው በፌዴራሉ 983 ቅሬታ የሚቀርበው በ21 ቀን ውስጥ ነው፣ ወደ ግብር ይግባኝ ኮሚሽን ለመሄድ ደግሞ ከሚያከራክረው ግብር ግማሹን ማስያዝ አለ። ስለዚህ ይግባኝ ከማለትህ በፊት እዚያው ቅሬታው ላይ በርታ አለኝ። ይሄን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ከእኔ በፊት ተራ የያዙ አባት ነበሩ። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ያስቀመጥኳት ብር ረከሰች፣ ብሔራዊ ባንክን ክሰስልኝ ይላሉ። ሌላው ቢሆን ጽፎ ይቀበላቸው ነበር። እሱ «አባባ፣ ይሄ በእኔ ማመልከቻ የሚያልቅ አይደለም፣ ብርዎን ለመሳፈሪያ ይያዙት» አላቸውና ሻይ አዘዘላቸው።

አሁን ወደ ወቀሳው። የአያቴን ስም ተሳስቶ ጽፎታል! ያየሁት ጣርማ በር ስደርስ ነው፤ ተመልሼ አሳረምኩ፣ አንድ ቀን በላኝ። በነፃ አረመልኝ፣ ይቅርታ ግን ከአፉ አልወጣም። መብራት ከጠፋም ጄኔሬተር የለው፣ ቁጭ ነው።

ግምቱ ወረደልኝ፤ የጠየቅኩትን ያህል አይደለም፣ ሱቁ ግን አልተዘጋም። ለጽሕፈቱ 400 ብር ከፍያለሁ፣ አይቆጨኝም። ደብተራችሁን ግን ኮፒ አድርጋችሁ ሂዱ። እሱ ጋ አንድ ገጽ 10 ብር ነው፣ ከመንገዱ ማዶ 5።