የኖራ ቀለም ከ8 ወር በኋላ፦ ግድግዳው ተስማማኝ፣ ባልዲው ላይ የተጻፈው ግን አልተስማማኝም

መኝታ ቤቴን የኖራ ቀለም ካስቀባሁት 8 ወር ሆነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጽፌ ቢሆን ኖሮ አንድ ኮከብ እንኳ አልሰጠውም ነበር። እንኳን ዝም አልኩ።

መነሻዬ ሽታ ነው። ከዚያ በፊት ሳሎኑን ፕላስቲክ ቀለም ስናስቀባ ሦስት ቀን ሙሉ ራሴን አመመኝ። ልጄንም እህቴ ቤት ነው ያሳደርኳት። የቀለም ቆርቆሮ ጀርባ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ቪኦሲ የሚሉት ነገር አለ፤ ቀለሙ ሲደርቅ ተንኖ ወደምንተነፍሰው አየር የሚገባ ኬሚካል ማለት ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከ2010 ጀምሮ ለቤት ውስጥ ግድግዳ የሚሆን፣ በውሃ የሚቀጥንና የማያብረቀርቅ ቀለም በሊትር ከ30 ግራም በላይ ቪኦሲ መያዝ አይችልም። ቁጥሩን በግልጽ የሚጽፍ ቆርቆሮ አለ፤ "ሽታ አልባ" ብሎ የሚያልፍም አለ። ሁለቱን አንድ አድርጋችሁ እንዳትወስዱ። የማይሸት ነገርም ይተናል።

እንዲህ ሳነብ ሳነብ ኖራ ላይ ደረስኩ። የገዛሁት ባለ 15 ኪሎ ባልዲ ነው። ይዘቱ አጭር ነው፦ ኖራ፣ የእብነ በረድ ዱቄት፣ ውሃ፣ ለማወፈሪያ ትንሽ ሴሉሎስ። በቃ። አንዳንዱ "የኖራ ቀለም" ተብሎ እየተሸጠ ውስጡ ግማሽ ፕላስቲክ ስለሆነ ይህን ዝርዝር ሳታዩ አትግዙ። ክዳኑን ስከፍት እርጥብ ድንጋይ ሸተተኝ፣ ዝናብ የመታው ግንብ ዓይነት።

ባልዲው ላይ ግን አረንጓዴ ቅጠል ተስሎ "ካርቦን ይመጥጣል፣ አየር ያጸዳል" ይላል። እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ።

100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲቃጠል የሚተርፈው 56 ኪሎ ኖራ ነው። 44ቱ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በጭስ ማውጫው ይሄዳል። ኖራው ውሃ ጠጥቶ ግድግዳ ላይ ሲቀባ ያንኑ ጋዝ ከአየር ቀስ እያለ መልሶ ይስባል፣ ተመልሶም ድንጋይ ይሆናል። ከምር ደስ የሚል ነገር ነው። ግን የሚመልሰው የተበደረውን ነው። ምድጃውን ለማጋል የነደደው ነዳጅ ጭስ በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም። "ዕዳውን ይከፍላል" ቢሉ እሺ። "ያጸዳል" ማለት ግን የገበያ ወሬ ነው።

ሌላው ዘዴ ደግሞ ከሲሚንቶ ጋር ማወዳደር ነው። ሲሚንቶ 1450 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈልግ፣ ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው የእሱ ድርሻ እንደሆነ ያወሩላችኋል። እውነት ነው። ኧረ ግን እኔ የምተካው ፕላስቲክ ቀለም እንጂ ሲሚንቶ አይደለም! ወፍራም ልስን ለምታስለስኑ ሰዎች ንጽጽሩ ይጠቅማችኋል፤ ባልዲ ለምንገዛው ግን ወሬ ነው።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። ሻጩን "ፕላስቲክ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ላይ ይይዛል?" ብዬ ጠይቄዋለሁ። "እህቴ፣ የማይይዘው ግድግዳ የለም" አለኝ። ሱቁን አልጠራም። ቅዳሜ ዕለት እኔና ባለቤቴ ሰፊ ብሩሽ ይዘን ተነሳን። ስንቀባው ምንም አይታይም፤ ውሃ የቀባን ነው የሚመስለው። ባለቤቴ "ተሸውደሻል" አለኝ። በነጋታው ስንነቃ ግድግዳው ነጭ ሆኖ ጠበቀን። ኖራ እንዲህ ነው፤ እርጥብ ሳለ ያሳልፋል፣ ሲደርቅ ይነጣል። ሁለት ቀን ጉራዬን ነዛሁ። በአራተኛው ቀን ማለዳ ትራሴ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ቀና ስል ግድግዳው ከላይ ጀምሮ እየተላጠ ነው።

ሱቁ ጋ ስደውል "ሲቀቡት ተሳስታችሁ ነው" ተባልኩ። ከዚያ በኋላ አልደወልኩም።

አንድ በዕድሜ የገፉ ለሳኝ ጠራሁ። ቁርጥራጩን አንስተው እንኳ አላዩትም። ጣታቸውን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነክረው ግድግዳው ላይ ረጩ። ውሃው ዶቃ ዶቃ ሆኖ ተንከባለለና ወረደ።

"አየሽ ልጄ? ይሄ ግድግዳ አይጠጣም። የማይጠጣ ግድግዳ ኖራ አይዝም።"

ፈተናው ይኸው ነው። የ10 ሰከንድ ሥራ ነው፣ ውሃ ብቻ ነው የሚፈልገው። ባልዲው ላይ ከቅጠሉ ሥዕል ይልቅ ይሄ ቢጻፍ ምን ነበረበት? ጠብታው ከተንከባለለ ከላይ ያለው ቀለም መነሳት አለበት። ጠብታው ገብቶ ግድግዳው ከጠቆረ ቀጥሉ።

አሮጌውን ቀለም ማንሳት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ የሚባለው ብረት (ሌድ) ሊኖር ይችላል፤ ለልጅ አንጎል መርዝ ነው። ዛሬ ለቀለም የሚመከረው ከፍተኛው የሌድ መጠን በኪሎ 90 ሚሊግራም ሲሆን የጥንቶቹ ግን ከዚያ ስንት እጥፍ ይይዙ ነበር። ስለዚህ ሳታስመረምሩ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፈገፍጉት፤ አቧራው ነው አደጋው። የእኛ ተመርምሮ ነጻ ሆነ። እንዲያም ሆኖ እያረጠብን ፋቅነው፣ ልጄም እንደገና ወደ አክስቷ። ሁለት ቀን ፈጀ። ከሥር የኖራና የአሸዋ ልስን ወጣልን። እድለኞች ነን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ቆሜ ነው ያየሁት። ግድግዳውን ውሃ እየነፉ ያረጥባሉ። ቀለሙን እንደ ወተት ያቀጥኑታል። ብሩሹን አንዴ ወደ ጎን፣ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ በሰያፍ ያስኬዱታል፤ መስመር አይሠሩም። አንድ እጅ ቀብተው ሄዱ። በነጋታው መጥተው ሁለተኛ እጅ። "ጋሼ፣ በአንድ ቀን ሁለት እጅ ብንቀባው?" ስላቸው "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ብለው ብሩሻቸውን አጠቡ። አምስት እጅ፣ አምስት ቀን። ሞቅ ያለ ንፋስ እንዳይመታው መስኮቱን እንኳ ገርበብ ነው ያደረግነው።

ራሳችሁ ለምትቀቡ አንድ ነገር። "ተፈጥሯዊ" ማለት "የማይጎዳ" ማለት አይደለም። እርጥብ ኖራ ኃይለኛ አልካሊ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ ነው፤ በፒኤች መለኪያ ከ12 በላይ ይወጣል፣ ቆዳ ያቃጥላል። ከጓንቴ በላይ አንጓዬ ላይ ጠብ ያለችውን ቸል ብዬ ቀይ ምልክት ትታብኝ ሁለት ሳምንት ቆየች። ዓይን ላይ ቢሆን ኖሮ ሐኪም ቤት ነበርኩ። መነጽር ሳታደርጉ አትጀምሩ።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ቢጫ አፈር ነው ያስጨመርኩት። ኖራ ብዙውን ቀለም ያበላሻል፤ የሚስማሙት እንደ ብረት ኦክሳይድ ያሉ የአፈር ቀለሞች ናቸው። እርጥቡ የደረቀ ሣር ይመስል ነበር፤ ሲደርቅ በጣም ሳሳ። ትንሽ ከፋኝ። ግን ማለዳ ብርሃን ሲገባ ግድግዳው አንድ ወጥ አይደለም፣ ደመና ደመና ይላል። አልጋዬ ላይ ተኝቼ የማየው እሱን ነው።

ሻጋታውስ? ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለው ጥግ ሁልጊዜ ይጠቁር ነበር። 8 ወር ሙሉ አልተመለሰም። ኖራ እንፋሎት ያሳልፋል፣ አልካሊነቱም ለሻጋታ አይመችም። ግን ሙገሳውን ሁሉ ለባልዲው አልሰጥም፤ ከመቀባታችን በፊት ከግድግዳው ጀርባ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አስጠግነናል። ውሃ የሚያፈስ ቤት ውስጥ ኖራ ተአምር አይሠራም።

ጉድለቱ እነሆ። ይለቃል። ጥቁር ጃኬቴን ለብሼ ስልክ እያወራሁ ደገፍ ብዬ፣ ጀርባዬ ነጭ ሆኖ ሥራ ቦታ ዋልኩ። ማንም አልነገረኝም። ልጄ በእርሳስ የሣለችውን ድመት በእርጥብ ጨርቅ ላጠፋ ስሞክር ቀለሙም አብሮ ተነሳ። ጥሩነቱ መጠገን ቀላል ነው፤ ቦታውን አርጥቦ በብሩሽ መንካት ነው፣ ሲደርቅ ይመሳሰላል። ወጥ ቤት ውስጥ ግን ዘይት ከሚፈናጠርበት ምድጃ አጠገብ አልሞክረውም። እዚያ ያለው ፕላስቲክ ቀለም ገና ደህና ነው፤ እስኪያረጅ ይቆያል። ደህናውን ፍቆ ጥሎ "አረንጓዴ" መግዛት አይገባኝም።

በነገራችን ላይ ለክፍሉ የኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ መደርደሪያ ልንገዛ አስበን ነበር። ብናኙ የሚጣበቅበት ሙጫ ብዙ ጊዜ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ጋዝ ያተናል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው በ2004 ነው። ቀለሙን ለአየሩ ብዬ ቀይሬ መደርደሪያ በዚያ ልመልሰው? ከዕቃ ማስቀመጫችን አንድ አሮጌ በር አወጣን፣ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ መደርደሪያ ሆነ። የማጠፊያው ቀዳዳ እስካሁን ይታያል።

ውጤቴ፦ ለቀለሙ ከ5ቱ 4 ኮከብ። ባልዲው ላይ ለተጻፈው 1። ለሻጩ ምንም።

ከቀለሙ አንድ ሦስተኛው ተርፎኛል። ለሳኙ "አትጣይው፣ ከላዩ ሦስት ጣት ውሃ አድርጊና ክደኚው፤ ሲቆይ ነው የሚበስል" ብለውኛል። በጥንቷ ሮም ሦስት ዓመት ያልሞላው ኖራ ለግንባታ እንዳይውል የሚከለክል ሕግ እንደነበር አንብቤያለሁ፤ ሰውዬው ያወቁት ከአባታቸው ነው። ባልዲው አሁን ከበሩ ኋላ ተቀምጧል። ባለቤቴ በየሳምንቱ ክዳኑን ከፍቶ ውሃውን ያያል። ትናንት የኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ጣቱን ነክሮ ውሃ ሲረጭ ያዝኩት።