ጊትሃብ፦ ለየደንበኛው የሚለያይ ኮድ ሲይዙበት

አንድ የሽያጭና የዕቃ መቆጣጠሪያ ሲስተም ለፋርማሲ፣ ለሆቴልና ለጅምላ አከፋፋይ የሸጠ ቡድን ውሎ አድሮ ሦስት ሲስተም መጠገን ይጀምራል። ፋርማሲው የመድኃኒት ማብቂያ ቀን ይጠይቃል፣ ሆቴሉ የክፍል ሒሳብ፣ አከፋፋዩ የዱቤ መዝገብ። ኮድንና የለውጡን ታሪክ ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው ጊትሃብ ይህን ይችለዋል፤ ሁለት ቦታ ላይ ግን ያዳግታል።

መልካሙን እናስቀድም። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ በነፃ የፈለጉትን ያህል የግል ሪፖ (የአንድ ፕሮጀክት ኮድና ታሪኩ የሚቀመጥበት ማኅደር) መክፈት፣ የፈለጉትን ያህል ሰው ማስገባት ይቻላል። ኮዱ በተነካ ቁጥር ቴስት ለሚያስኬደው አክሽንስም ለግል ሪፖዎች በወር 2,000 ደቂቃ ይሰጣል። ለትንሽ ቡድን ይበቃል።

ጉድለቱ ሲታይ፣ በነፃው ፓኬጅ የግል ሪፖ ላይ ዋናውን ብራንች (በአንድ ሪፖ ውስጥ ለብቻው የሚሄድ የኮድ መስመር) መቆለፍ አይቻልም። ፑሽ የማድረግ (ለውጡን ወደ ሪፖው የመላክ) ፈቃድ ያለው ሁሉ በፎርስ ፑሽ፣ ማለትም ያለውን ታሪክ በግድ በሚተካ ፑሽ፣ የሌላውን ሥራ ሊያጠፋ ይችላል። ተፎካካሪው ጊትላብ ይህን ቁልፍ በነፃ ይሰጣል፤ በምትኩ ነፃውን የግል ግሩፕ በ5 ሰው ይገድባል።

የባሰው ሁለተኛው ነው። ብዙዎች ለየደንበኛው አንድ ብራንች ይከፍታሉ። የማየት ፈቃድ የሚሰጠው ግን በሪፖ ነው፤ የፋርማሲው አይቲ ባለሙያ ኮዱን ለማየት ከገባ የሆቴሉንም ብራንች ያያል። ጥገናውም ያደክማል፦ 12 ብራንች ካለ የአንድ ስህተት ማረሚያ 12 ጊዜ ቼሪ-ፒክ ይደረጋል (ያ ለውጥ ብቻ ተመርጦ ወደ ሌላ ብራንች ይገለበጣል)። ቼሪ-ፒክ በየብራንቹ አዲስ ኮሚት (ታሪኩ ውስጥ የተመዘገበ ለውጥ) ስለሚፈጥር የትኛው ደንበኛ ጥገናው እንደደረሰው ለማወቅ ያስቸግራል። ግድ ከሆነ ትእዛዙ ላይ «ዳሽ ኤክስ» (-x) ጨምሩበት፤ የመነሻውን ኮሚት ቁጥር መልእክቱ ላይ ይጽፍላችኋል።

የሚሻለው የጋራውን ኮድ ለብቻው፣ ኮድ የሚረከበውን ደንበኛ ደግሞ በራሱ ሪፖ ማስቀመጥ ነው። የጋራውን ክሎን አድርጋችሁ (ከነታሪኩ ቀድታችሁ) ወደ ደንበኛው አዲስ ሪፖ ፑሽ አድርጉ። ከዚያ «ጊት ሪሞት አድ አፕስትሪም» (git remote add upstream) ብላችሁ የጋራውን አድራሻ ስጡት። አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ፌች (ከጋራው አዲሱን ማምጣት)፣ ቀጥሎ ታግ የተደረገበትን (ስም የተሰጠውን) ቨርዥን ሜርጅ (ከደንበኛው ኮድ ጋር ማዋሐድ)። ስህተት ሁልጊዜ መጀመሪያ የጋራው ላይ ይታረም፤ የደንበኛን ብራንች ወደ ጋራው ሜርጅ ማድረግ ክልክል ይሁን። አለዚያ የሆቴሉ ክፍል ሒሳብ ፋርማሲው ሜኑ ላይ ብቅ ይላል።

ኮዱን በዚፕ አውርዶ «ጊት ኢኒት» ያለ (ታሪኩን ከዜሮ የጀመረ) ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል። የሁለቱ ታሪክ ስለማይገናኝ ጊት ሜርጁን እምቢ ይላል፤ በግድ ቢያስኬዱት ደግሞ ልዩነት ያለበት ፋይል ሁሉ ኮንፍሊክት (በእጅ መታረቅ ያለበት ግጭት) ሆኖ ይመጣል።

ሪፖ ከመክፈት በፊት ግን ልዩነቱ በእርግጥ ኮድ መሆኑን አጣሩ። ሎጎ፣ የደረሰኝ ስልክ፣ 15 በመቶው ቫት፣ ባለ 13 ወሩ የቀን አቆጣጠር ኮንፊግ (የቅንብር ፋይል) ውስጥ ይገባሉ። ኮዱ ውስጥ «ደንበኛው ፋርማሲው ከሆነ» ብላችሁ አትጻፉ፤ «ማብቂያ ቀን ይከታተል፦ አዎ» የሚል ቅንብር ይኑር። ነገ ሁለተኛ ፋርማሲ ሲመጣ የምትነኩት አንድ መስመር ብቻ ነው። የዳታቤዝ ፓስወርድ ያለበት ፋይል ስም ከመጀመሪያው ኮሚት በፊት ጊትኢግኖር (ጊት የሚያልፋቸው ፋይሎች ዝርዝር) ውስጥ ይግባ። ፋይሉ አንዴ ኮሚት ውስጥ ከገባ መሰረዙ ከታሪኩ አያወጣውም፤ ወዲያው ፓስወርዱን ቀይሩ።