ለወንዝ ዳሩ ጋሼ እና ለባልደረቦቻቸው፦ ምስጋናና ጥቆማ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ከወንዝ መሃል ድንጋይ ላይ በእርጋታ ላወረዱልኝ ሰው ትልቅ ምስጋና አለብኝ። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ስማቸው አደባባይ ቢወጣ ደስ የሚላቸው ሰው አይደሉም። እኛም «ጋሼ» እያልን ነው የሰነበትነው።

ጋሼ የሚሠሩት ከከተማ ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ባለ አነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው። ያለው ስድስት ክፍል ብቻ ነው። አርብ ማታ ገብተን እሁድ ከሰዓት ወጣን። እኔ፣ እማዬ እና የሰባት ዓመት ልጄ።

የሄድነው ለእማዬ ብለን ነው። አባታችን ካረፈ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሏታል። ሌሊት ትነሳና መብራት እንኳን ሳታበራ ሳሎን ትቀመጣለች። አንድ ቀን ጠዋት «የውሃ ድምፅ ብሰማ የምተኛ ይመስለኛል» አለችኝ። ያደገችው ወንዝ አጠገብ ነው። ይቺን ቃሏን ይዤ ቦታ መፈለግ ጀመርኩ።

ከዚህ በፊት አንድ ቦታ «ወንዝ ዳር ነው» ተብዬ ሄጄ አውቃለሁ። ወንዙ ከአስፋልቱ ማዶ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የጭነት መኪና ስሰማ አደርኩ። ስለዚህ አሁን ፎቶ አይቼ አልወሰንኩም፤ ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት ጋሼ ናቸው። እኔ ጥያቄዬን ሳልጨርስ እሳቸው ይጠይቁኝ ጀመር። ደረጃ የሚከብደው ሰው አለ? ትንሽ ልጅ አለ? ሌሊት የሚነሳስ? የእማዬን ጉልበት ነገርኳቸው። «እንግዲያው ከታች ያለውን ክፍል እይዝላችኋለሁ» አሉ። ከዚያ ወንዙን ጠየቅኳቸው። «ከመስኮቱ ሰማንያ እርምጃ ነው። ይሰማችኋል፤ ግን አይነካችሁም» አሉኝ። እዚያው ወሰንኩ።

ስንደርስ መሽቶ ነበር፤ ብርዱም አጥንት ይሰብራል። የእንግዳ መቀበያው ሳሎን ውስጥ ግን ምድጃው እየነደደ ነው። ጭስ የሚባል ነገር የለም። እማዬ ወዲያው አስተዋለች። «ማገዶው ደረቅ ነው» አለች። ጋሼ ደስ አላቸው። ሁለት ፍልጥ አንስተው እርስ በርስ አጋጩልን። ጠንከር ያለ፣ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። ከደጅ ሌላ አምጥተው ያንኑ አደረጉ። ይሄኛው ድምፁ ታፈነ። እርጥብ ነበር። ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ የሚሆነው ውሃ ሊሆን ይችላል። እሳቱ ሰውን ማሞቁን ትቶ ያንን ውሃ ሲያተን ያመሻል፤ ትርፉ ጭስ ነው። ጋሼ እንጨቱን ፈልጠው፣ ነፋስ በሚያገኘው መጠለያ ደርድረው፣ ዓመት ሳይሞላው ምድጃ ውስጥ አያስገቡም።

ሌላም ደንብ አላቸው። መኝታ ክፍል ውስጥ እሳትም ከሰልም አይገባም። እማዬ ፍም በማንደጃ አድርገው እንዲያስገቡላት ለምናቸው ነበር። «እማማ፣ እሱን እንኳን አላደርገውም» አሏት። በር ተዘግቶ የሚጤስ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሽታም ቀለምም የለውም። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። በምትኩ ክፍል የምታስተካክለው ልጅ በሞቀ ውሃ የተሞላ የጎማ ከረጢት በጨርቅ ጠቅልላ ከእማዬ እግር ስር አኖረችላት። ብርድ ልብሱ ፀሐይ የጠገበ ነው፤ የቁም ሳጥን ሽታ የለውም። ትራሷ አጠገብ የእጅ ባትሪ አስቀምጣላታለች። ሌሊት ለመነሳት ግድግዳ መዳበስ ቀረላት። ይቺን ልጅም ከልቤ አመሰግናለሁ።

የመጀመሪያው ሌሊት ግን እንዳሰብነው አልሆነም። እማዬ ሦስት ጊዜ ተነሳች። እኔም ከፋኝ። በኋላ ሳነብ ምክንያቱን አገኘሁት። በ2016 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የታተመ አንድ ጥናት ሰው አዲስ ቦታ በሚያድርበት በመጀመሪያው ሌሊት አንደኛው የአንጎል ክፍል ከሌላው ቀለል ብሎ እንደሚተኛ አሳይቷል። ዘብ እንደመቆም ነው። ትንሽ ኮሽታ ትቀሰቅሰዋለች። ስለዚህ ለእረፍት ብላችሁ የምትወጡ ከሆነ አንድ ሌሊት ብቻ አትያዙ። እኛ ሁለት በመያዛችን ነው የተጠቀምነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ልጄን ይዘው ወንዙን አስጎበኙት። እኔም ተከተልኩ። ማረፊያው ያለው ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ከፍ ያለ መሬት ላይ ነው። «ማሙሽ፣ እየው» አሉት። በእጥፋቱ ውጪኛ በኩል ውሃው ይሮጣል። ዳሩን እየቦረቦረ ገደል አድርጎታል፤ የዛፍ ሥር ተንጠልጥሎ ይታያል። በውስጠኛው በኩል ደግሞ ውሃው ዝግ ይላል፤ የተሸከመውን አሸዋና ጠጠር እዚያ ያራግፋል። የልጆች መጫወቻ እዚያ ብቻ ነው። ውጪኛው ዳር ላይ ገመድ ተወጥሯል። ከገመዱ ማለፍ ክልክል ነው፤ ለትልቅም ለትንሽም።

አሸዋው ጫፍ ላይ አንድ እንጨት ተተክሏል። አምስት ቀይ መስመር ተቀብቶበታል። ውሃው ሁለተኛው መስመር ላይ ነበር። ጋሼ በየሰዓቱ እየወረዱ ያዩታል። እኔ ያኔ ነገሬም አላልኩት።

ከሰዓት ሰማዩ ጥርት ብሏል። ልጄ ከአሸዋው ሁለት እርምጃ ገባ ብሎ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሯል። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይሞላም። እኔና እማዬ ወንበር ላይ ሆነን እናየዋለን። ጋሼ እንጨት እየደረደሩ ነበር። ድንገት ሥራቸውን አቆሙና ቀና አሉ። ለአፍታ ወንዙን አዳመጡ። ከዚያ ሳይሮጡ፣ ሳይጮሁ ወደ ታች ወረዱ። ጫማቸውን እንኳን አላወለቁም። ውሃው ውስጥ ገብተው እጃቸውን ዘረጉለትና «ማሙሽ፣ ና አንድ ነገር ላሳይህ» አሉት። ልጁ ደስ ብሎት እጃቸውን ያዘ። ይዘውት ወደ እንጨቱ ሄዱ። ውሃው ሦስተኛውን መስመር አልፏል።

እኔ ያኔ ነው ያየሁት። ጥርት ያለው ውሃ ደፍርሷል። ላዩ ላይ ቅጠልና ጭራሮ እየተንሳፈፈ ይመጣል። ድምፁም ወፍሯል። እኛ ጋ ጠብ ያለ ዝናብ የለም። ላይኛው ተራራ ላይ ግን ጥሏል። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ልጄ የተቀመጠበት ድንጋይ ጠፋ። ቦታው እንኳን አልታወቅ አለኝ። እግሬ ተንቀጠቀጠ።

እማዬ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ለዚህ ነው» አለችና ልጁን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ሲመሽ ነው የለቀቀችው።

በኋላ ጋሼን ለምን እንዳልጮሁ ጠየቅኳቸው። «ልጅ ከደነገጠ ይነሳል፤ ድንጋዩ ያዳልጣል» አሉኝ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ስንት ዓመት ወንዝ ዳር ቢኖሩ ነው እንዲህ የሚያስቡት? እኔ ብሆን እየጮህኩ ነበር የምሮጠው።

ልጅ ይዛችሁ ወንዝ ዳር ለምትሄዱ ሁሉ ይሄን ልንገራችሁ። ያላችሁበት ቦታ ሰማዩ ስለጠራ አትዘናጉ። የውሃው ቀለም ከተለወጠ፣ ቅጠልና እንጨት መንሳፈፍ ከጀመረ፣ ድምፁ ከከበደ ዕቃ ሳትሰበስቡ ውጡ። ጉልበት የማይደርስ ነው ብላችሁ አትናቁት። ፈጣን ጎርፍ ከሆነ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት አዋቂውን ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ይገፋል።

ማታ ሁላችንም ምድጃው ዙሪያ ተቀመጥን። ልጄ ዝም ብሏል፤ ጎርፉ አስፈርቶታል። ጋሼ ይሄን አዩ። ቅጠሉ ያልተጠለለ ሻይ በብርጭቆ አምጥተው ማንኪያ ሰጡት። «አማስለውና ቅጠሉ የት እንደሚሄድ ንገረኝ» አሉት። ልጁ አማሰለ። ማንኪያውን ሲያወጣ ቅጠሉ ወደ ብርጭቆው ጠርዝ አልሄደም። መሃል ላይ፣ ታች፣ ተሰበሰበ። ሦስት ጊዜ ደገመው። ሦስቱንም ጊዜ መሃል። ጋሼ «ወንዙም እንዲህ ነው። ሲታጠፍ ታች ታቹን አሸዋውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል» አሉት። ልጄ አፉን ከፍቶ ነው የሰማቸው። ቤት ገብቼ ሳነብ አልበርት አይንስታይን በ1926 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የወንዝን መጠምዘዝ ያስረዳው በዚሁ በሻይ ቅጠል ነው። ጋሼ ከየት እንደሰሙት አልጠየቅኳቸውም። ልጄ ግን ያን ምሽት ወንዙን በፍርሃት ብቻ እንዳያስታውሰው አድርገውልኛል። ለዚህ ደግሞ ለብቻው አመሰግናቸዋለሁ።

ከመተኛታችን በፊት የውጪውን መብራት ሁሉ አጠፉልን። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ሃያ ደቂቃ ይፈልጋል፤ ስልክ አታብሩ አሉን። ታገስን። ከዚያ ፍኖተ ሐሊብ፣ ያ ሰማዩን የሚያቋርጠው የከዋክብት ጎዳና፣ ከዳር እስከ ዳር ታየ። ልጄ ደመና መስሎት ነበር። ከዓለም ሕዝብ ሲሶ የሚሆነው በከተማ ብርሃን ምክንያት ካለበት ቦታ ሆኖ ሊያየው አይችልም። ልጄም ከእነዚህ አንዱ ነበር።

ያን ሌሊት እማዬ ተኛች።

እኔ ነኝ የነቃሁት። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አልጋዋን አየሁ። ባዶ መስሎኝ ደነገጥኩ። አለች። በጎኗ ተኝታ፣ እጇን ጉንጯ ስር አድርጋ፣ እንደ ሕፃን ትተነፍሳለች። መስኮቱ ትንሽ ገርበብ ብሏል። የሞላው ወንዝ ድምፅ ክፍሉን ሞልቶታል። እንደዚህ ስትተኛ ካየኋት ቆይቷል። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ለረጅም ጊዜ ሳያት ቆየሁ።

ጠዋት ስትነሳ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ወንዙ ላይ ነጭ ጭጋግ ተኝቷል። ውሃው ከሌሊቱ አየር ስለሚሞቅ እንፋሎቱ ወዲያው ጭጋግ ይሆናል። ፀሐይ ከፍ ስትል ከዳር እስከ ዳር ተነነና ጠፋ። እማዬ ጋቢዋን ተከናንባ፣ በረንዳው ላይ፣ እስኪጠፋ ድረስ ቆማ አየችው። ምንም አላለችም። ፊቷ ግን ሌላ ነበር።

ለመሄድ ላሰባችሁ ሁሉንም ልንገራችሁ። የስልክ ኔትወርክ ደካማ ነው፤ ከግቢው በር አጠገብ ነው የሚይዘው። የመታጠቢያው ሙቅ ውሃ እስኪመጣ ትንሽ ይቆያል። የመጨረሻው መንገድ ጥርጊያ ነው፤ ሳይመሽ ድረሱ። ክፍሉ ጥቂት ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ደውሉ። ስትደውሉ የሰዎቻችሁን ሁኔታ ሳትደብቁ ንገሯቸው፤ ጉልበት የሚያመው፣ ጨለማ የሚፈራ፣ ሌሊት የሚነሳ ካለ። እነሱ ከዚያ ተነስተው ነው ክፍሉን የሚያዘጋጁት። አብሳይዋም እንደዚያው ናት። እማዬ ጨው እንደማትበላ አንዴ ሰማች፤ እስክንወጣ ድረስ ሁለተኛ መናገር አላስፈለገንም። ሙዚቃ፣ ጭፈራ፣ ብዙ ሰው የምትፈልጉ ከሆነ ግን ቦታው ለእናንተ አይሆንም። የቦታውን ስምና ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ለሁላችሁም እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ እጅዎት ይባረክ። ልጄን በእጅዎ ይዘው ነው ያወጡልኝ። እናቴንም አስተኝተውልኛል። ስንለያይ ጉሮሮዬን ስለያዘኝ በወጉ ሳልነግርዎት ነው መኪና ውስጥ የገባሁት።

ትናንት ማታ እማዬ ስልኬን ተቀብላ ደወለችላቸው። ምን ልትላቸው እንደሆነ አልነገረችኝም። ሰላምታውን ሳታስረዝም «ወንዙ እንዴት ዋለ?» አለቻቸው። ድምፃቸው እስከ እኔ ይሰማል።

«ጎድሏል እማማ። ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። የማሙሽ ድንጋይም ወጥቷል።»