ፎርድ ወይስ ዊሊስ? የጦርነት ዘመን ጂፕ ከመግዛታችሁ በፊት ተንበርከኩ

በዚህ ወር ብቻ አራት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ፤ «የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጂፕ ልገዛና ላድስ ነው፤ ፎርድ ይሻለኛል ወይስ ዊሊስ?» ለአራቱም የሰጠሁት መልስ አንድ ነው። ከገዛ ኪሳችሁ የምትከፍሉ ከሆነ ዊሊስ ግዙ። ፎርድ የሚገዛው ምንም ሳይጎድለው ሲገኝ ብቻ ነው፤ ምንም ያልጎደለውን ፎርድ ደግሞ ባለቤቱ አይሸጠውም። ምክንያቱን በስልክ መደጋገም ስለሰለቸኝ ይኸው በጽሑፍ።

ጉልበት፣ ፍጥነትና የነዳጅ ፍጆታ አላወዳድርም። የሁለቱም ሞተር፣ ካምቢዮና ዲፈረንሻል በአንድ ንድፍ የተሠራ ነው። የአሜሪካ ጦር ይህን ተሽከርካሪ የመዘገበው ሩብ ቶን የጭነት መኪና ብሎ ነው፤ ዊሊስ የራሱን ኤምቢ አለው፣ ፎርድ ደግሞ የዊሊስን ንድፍ ተቀብሎ የሠራውን ጂፒደብሊው አለው። የመጨረሻዋ ደብሊው ዊሊስን የምታመለክት ናት። ጦሩ የአንዱ ዕቃ ለሌላው እንዲገጥም አጥብቆ ስለጠየቀ ሁለቱም ጂ-503 በተባለ አንድ የመለዋወጫ ዝርዝር ውስጥ ገቡ። በጦር ሜዳ ጋራዥ የፎርድ ሞተር ዊሊስ ላይ ሲጫን ቅር ያለው ሰው አልነበረም። እኛ ግን ከሰማንያ ዓመት በኋላ እነሱ በደስታ የደባለቁትን ለመለየት ገንዘብ እንከሰክሳለን። እ.ኤ.አ. በ1941 የአሜሪካ መንግሥት ከዊሊስ ጋር ሲዋዋል ለአንዱ ጂፕ የተስማማበት ዋጋ 738 ዶላር ከ74 ሳንቲም ነበር። በእኔ የወጪ ደብተር ላይ ይህ ገንዘብ ገና የመጀመሪያው ገጽ ሳይገለጥ ያልቃል።

ዊሊስን የመረጥሁት በፍልስፍና ሳይሆን በኪሳራ ነው። የመጀመሪያዬን ጂፕ ስገዛ ማስታወቂያው «ፎርድ፣ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር የሚገጥም፣ ያልተነካካ» ይል ነበር። ሻጩ ደስ የሚል ሰው ነው። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር አሳየኝ፤ የፎርድ ምልክት የሆነችው የላቲን ፊደል ኤፍ የተመታባቸውን ቡሎኖች አንድ በአንድ እየነካ አስቆጠረኝ። ለእነዚያ ቡሎኖችና ለዚያ ቁጥር ስል በወቅቱ ከሚጠየቀው ዋጋ ላይ ሩብ ያህል ጨመርሁ። ልብሴ እንዳይቆሽሽ ብዬ ግን ከመኪናው ሥር አልገባሁም። በማግስቱ በክሪክ ሳነሳው ከራዲያተሩ በታች ያለው የሻንሲ አግዳሚ ክብ ቱቦ ሆኖ አገኘሁት። ለልብስ ሳሙና ስሳሳ የመኪና ሩብ ጣልሁ።

ያ አግዳሚ የመጀመሪያው ምልክት ነው፤ ብዙ ጊዜም የመጨረሻው ይሆናል። የዊሊስ ሻንሲ የፊት አግዳሚ ክብ ቱቦ ነው። የፎርዱ ግን እንደተደፋ ገንዳ ያለ፣ ማዕዘን ያለው ብረት ነው። ይህን ለመለየት መሣሪያም ዕውቀትም አያስፈልግም፤ ጉልበት መሬት ማስነካት ይበቃል። ሞተር ይወርዳል፣ ፍርግርግ ይፈታል፣ ፓራፋንጎ ይቀየራል፤ አግዳሚውን ለመቀየር የሚደክም አጭበርባሪ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ቀጥሎ ቁጥሩን ፈልጉ። ፎርድ ቁጥሩን የመታው በግራው የሻንሲ ብረት ላይኛ ገጽ፣ በሞተሩ ማረፊያ አካባቢ ነው፤ የሚጀምረውም ጂፒደብሊው በሚሉ ፊደላት ነው። ዊሊስ ቁጥሩን በትንሽ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ከፊት መከላከያው ኋላ፣ በግራው ሻንሲ ውስጠኛ ጎን ላይ አጣበቀው። ሰሌዳ ይነቀላል፤ ቀዳዳው ግን ይቀራል። በእኔ መኪና ላይ የሰሌዳው ቀዳዳዎች በብየዳ ተደፍነው፣ ላይኛው ገጽ ላይ አዲስ ቁጥር ተመትቶ ነበር። አሃዞቹ ከሠርግ ቤት እንደሚመለሱ ሰካራሞች አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ አዘንብለዋል። ጭቃውን ጠርጌ ባይ ኖሮ እዚያው ሆኜ እሥቅ ነበር።

«ቁጥሩ ይገጥማል» የሚለው አባባል ራሱ ብዙ ሰው አስከፍሏል። ፎርድ ሻንሲውንና ሞተሩን በአንድ ቁጥር ይመታ ነበር። የዊሊስ ሞተር ግን የራሱ ቁጥር ያለው ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣም ከሻንሲው ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ዊሊስ እየሸጠ ቁጥሩ ይገጥማል የሚል ሰው ወይ አያውቅም ወይ ራሱ መትቶበታል። ፎርድም ቢሆን ጦሩ ሞተር እንደ ጎማ ይቀያይር ስለነበር የመጀመሪያ ሞተሩን ይዞ የቆየው ጥቂት ነው። ሻጮች ለዚህ ጥንድ ብርቅ ዋጋ ይጠሩለታል። ሁለቱ ተመሳሳይ ቁጥሮች ግን መኪናውን አንዲት ሜትር አያስኬዱትም።

ወደ ኤፍ ልምጣ፤ ገንዘቡ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ፎርድ በሠራው ዕቃ ላይ፣ በቡሎን ራስ ላይ ሳይቀር፣ ያቺን ጠመም ያለች ኤፍ መታ። ዕቃ ለሚለይ ሰው በረከት ናት። ለገዢ ግን ግብር ናት። አንዲት ኤፍ ያላት የዛገች ቡሎን በተጠየቅሁባት ዋጋ፣ በልክም በጥንካሬም የማያንሱ አሥራ ሁለት አዳዲስ ቡሎኖች ከነዳዶአቸው ገዝቼ መልስ ተቀብያለሁ። አንድ ጂፕ ላይ ስንት ቡሎን እንዳለ ደግሞ ፈትታችሁ ቁጠሩ። ፎርድ የሚያድስ አንድ ወዳጄ ሞተሩን ገና ሳይከፍት ከመደበው ገንዘብ አንድ ሦስተኛው በኤፍ ፍለጋ አለቀበት። ሚስቱ እስካሁን የምታውቀው ግማሹን ነው።

ኤፍ ዋጋ ካወጣች በኋላ አስመሳዮች መምጣታቸው አልቀረም። ዛሬ አዲስ ቡሎን ኤፍ ተመትቶባት ትሸጣለች፤ ከአሮጌዋ ትረክሳለች፣ ከተራዋ ግን ብዙ ትወደዳለች። መኪናው ለትርዒት ብቻ ከሆነና ቡሎኗ የምትይዘው ላሜራ ከሆነ ግዙ፤ አልጣላችሁም። እኔ ግን አንዷን ለባሌስትራ ገጠምኋትና ሳጠብቃት እንደ ሰም ተጠመዘዘች። ደግነቱ መኪናው ገና በክሪክ ላይ ነበር። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ነው የተባለ የኤፍ ዕቃ ሲቀርብልኝ ጥጉን በቀለም ማስለቀቂያ እጠርጋለሁ። ሰማንያ ዓመት የኖረ ብረት ቀለም በቀለም ላይ ደርቦ፣ ከሥሩም በዝገት ተበልቶ ይገኛል። አንድ ንብርብር ቀለም ብቻ ካለውና የፊደሏ ጠርዝ ትናንት የተቆረጠ ከመሰለ ዋጋውን እንደ አዲስ ዕቃ እከራከራለሁ። ሻጩ ከተቆጣ መልሴን አገኘሁ ማለት ነው።

ስለ አካሉ ጥቂት ልበል። የዊሊስን አካል የሚሠራለት አሜሪካን ሴንትራል የተባለ ፋብሪካ ነበር፤ ፎርድ የራሱን ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1944 መጀመሪያ አካባቢ ወዲህ ግን ያው ፋብሪካ ለሁለቱም መሥራት ያዘ። ስለዚህ ለዘገየ ፎርድ «የፎርድ አካል ነው» ተብሎ ተጨማሪ ቢጠየቃችሁ በትሕትና ዝም በሉ። በመጀመሪያዎቹ መኪኖች ኋላ ላይ በግራ በኩል የዊሊስ ወይም የፎርድ ስም ላሜራው ላይ ተጭኖ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1942 ግን ቀረ። ስሙ የተጫነበት አዲስ ላሜራ ዛሬ ስለሚሸጥ ስሙን ማየት ብቻ ምንም አያረጋግጥም። ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት ሰሌዳዎችም እንዲሁ ናቸው፤ ሙሉ ስብስባቸው ከአንድ ጎማ ባነሰ ዋጋ ይገኛል። እነሱን አንብቦ መኪና የሚገዛ ሰው የገዛው ሰሌዳ ነው።

ፍርግርጉን በሚመለከት የመጀመሪያዎቹ ሃያ አምስት ሺህ ያህል ዊሊሶች ከብረት ዘንግ የተበየደ ፍርግርግ ነበራቸው። ከዚያ በኋላ ዊሊስ ፎርድ የነደፈውን፣ ከአንድ ላሜራ ተጭኖ የሚወጣውን ባለ ዘጠኝ ክፍተት ፍርግርግ ወሰደ። ዛሬ ሰው ሁሉ የዊሊስ ፊት የሚለው ፊት የፎርድ ሥራ መሆኑ ያስቀኛል። ክፍተቶቹ ሰባት ከሆኑ ከጦርነቱ በኋላ ለሲቪል የተሠራ ጂፕ ፊት ነው፤ ሻጩ ምንም ይበል ምን።

ዊሊስን ስላወደስሁ ወጥመድ የለበትም ማለቴ አይደለም። ፊደል የሌለበት ዕቃ በመሆኑ እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ የተሠራው የሲቪሉ ሲጄ-2ኤ ዕቃ ከእሱ ጋር ይደባለቃል። የጦርነቱ ካምቢዮ ቲ-84 ነው፤ የሲቪሉ ቲ-90 ነው። ቲ-90 ጠንካራ ስለሆነ ለሚነዳ ሰው አልነቅፈውም፤ የቲ-84 ዋጋ ተጠይቆበት ከሆነ ግን እነቅፈዋለሁ። በጣም የከፋው የዘይት ፓምፑ ነው። የጦርነቱ ሞተር ካምሻፍቱን፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ የሚያዞረው በሰንሰለት ነው። ከጊዜ በኋላ የመጡት ግን በጥርስ ስለሚያዞሩት ካምሻፍቱ የሚዞርበት አቅጣጫ ይገለበጣል። የሁለቱ ፓምፕ በዓይን ሲታይ መንታ ይመስላል፤ ግን አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። «ለሁሉም ጂፕ የሚሆን» ተብሎ የተሸጠልኝን ፓምፕ ልገጥም ስል አንድ አዛውንት መካኒክ እጄን ያዙና «ልጄ፣ ሞተርህ ሰንሰለት ነው ጥርስ?» አሉኝ። አላውቅም ነበር። ከፍተን ስናይ ሰንሰለት ሆነ። የፓምፑን ገንዘብ ሻጩ አልመለሰልኝም፤ ሞተሬ ግን ተረፈ።

በፈረንሳይ አገር ከጦርነቱ በኋላ በፈቃድ የተሠራው ሆችኪስ ኤም201ም አለ። ዕቃው ጥሩ ነው፣ ሻንሲው እንዲያውም ተጠናክሯል። ሆችኪስ ነው ተብሎ ቢሸጥልኝ ዛሬም እገዛለሁ። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በጦርነቱ ጊዜ ከወራሪው ጦር ጋር የፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ ኖርማንዲ የወረደ ተብሎ፣ በኖርማንዲ ዋጋ መሆኑ ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃው 24 ቮልት ከሆነ ጨዋታው አበቃ፤ የጦርነቱ ጂፕ 6 ቮልት ነው።

አዲስ ቅጂ ወይስ ያረጀ እውነተኛ ዕቃ? ይህን በካርቡሬተር ልመልስ። የፋብሪካው ካርተር ደብሊውኦ ነው፤ የጦርነቱ ሞዴል ቁጥር 539ኤስ ነው። ቅጂው ከታደሰ አሮጌ በግማሽ ዋጋ ስለሚገኝ ገዛሁት፤ በሦስተኛው ሳምንት ቤንዚን ማፍሰስ ጀመረ። ዕድሌ ነው ብዬ ሁለተኛ ቅጂ ገዛሁ፤ እሱ ደግሞ ሞተሩን ሥራ ፈቶ ሲዞር ያንቀጠቅጠዋል። በመጨረሻ ዘንጉ የተበላ አሮጌ ካርተር ገዝቼ ቡሽ አስገባሁለት። ሁለት ግማሽ አንድ ሙሉ ነው፤ በላዩ ላይ እውነተኛውን ጨመርሁ። ቅጂዎቹ አሁን የጋራዡን በር እንዳይዘጋ ይደግፋሉ፤ ለዚህ ሥራ እንከን የላቸውም።

ሸራ፣ የመቀመጫ ትራስ፣ የኤሌክትሪክ ገመድና የፍሬን ቱቦ አዲስ ቅጂ ይሁን፤ የሰማንያ ዓመት ጎማና ጨርቅ ለሙዚየም ነው። ሙሉ አካል በቅጂ ለመግዛት የምታስቡ ግን ዋጋውን ብቻ አትዩ። ከሁሉ የረከሰውን የገዛ ሰው ቀዳዳው ከሻንሲው ጋር ስላልገጠመ ለብየዳና ለማቃናት የከፈለው ከውዱ ጋር ከነበረው ልዩነት በልጦ አይቻለሁ። የተጎዳ እውነተኛ አካል በጥሩ ቀጥቃጭ እጅ ይድናል።

ቸርኬ ስትገዙ ለዋጋ ብላችሁ ሕይወታችሁን እንዳታስይዙ። ዘግይቶ የመጣው ቸርኬ በቡሎን የተያያዙ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ ጎማው አየር ይዞ ሳለ እነዚያን ቡሎኖች መፍታት ሰው ይገድላል። በመኪናው ግራ በኩል ያሉት የጎማ ዳዶዎችም የሚፈቱት በተገላቢጦሽ ነው። ይህን ሳያውቁ በጉልበት ታግለው የሰበሩትን ቡሎን ማስወጣት ሌላ ወጪ ነው።

ትልቁን የጦርነቱን የጭነት መኪና፣ ባለ ሁለት ቶን ተኩሉን ጂኤምሲ ሲሲኬደብሊው የሚመኙም ይጠይቁኛል። እዚያ የምታዩት አክስሉን ነው። ቲምከን የተባለው ኩባንያ የሠራው አክስል ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ በቡሎን የተገጠመ ነው፤ ዲፈረንሻሉን ለማየት መላውን አክስል ማውረድ ግድ ይላል። ባንጆ የሚባለው ግን ቤቱ አንድ ወጥ ስለሆነ ዘንጎቹን ስባችሁ ዲፈረንሻሉን ብቻ ታወጣላችሁ። የእጅ ዋጋው ልዩነት ብቻውን ባንጆውን ያስመርጣል። የአንዱ ዕቃ ለሌላው እንደማይሆንም ከመክፈላችሁ በፊት አስታውሱ።

የእኔ ሐሰተኛ ፎርድ ዛሬ ንጹሕ ዊሊስ ሆኗል። ሻጩ ለማሳመኛ የሰካቸውን የኤፍ ቡሎኖች አንድ በአንድ ፈትቼ በወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኋቸው፤ አርባ ሦስት ናቸው። ባለፈው ሳምንት ያ ፎርድ የሚያድሰው ወዳጄ መጥቶ ቆርቆሮውን አንቀጫቀጨና ዋጋ ጠየቀኝ። እኔ የተጠየቅሁበትን ነገርሁት። ለግማሽ ሰዓት ሰደበኝ፤ ከዚያ ሃያዎቹን ቆጥሮ ወሰደ።