ሲልፍራ ላይ መጥለቅ፦ ውሃው እንከን የለውም፣ ልብሱ ግን ይፈትናል

አይስላንድ ውስጥ በቲንግቬሊር ብሔራዊ ፓርክ ያለው ሲልፍራ፣ የሰሜን አሜሪካና የዩሬዥያ የምድር ንጣፎች በሚራራቁበት ቀጠና የተከፈተ ስንጥቅ ነው። ንጣፎቹ በዓመት 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ይላቀቃሉ። አፋርን እየሰነጠቀ ያለው የምድር መላቀቅ እዚህም አለ፤ ስንጥቁን ግን ውሃ ሞልቶታል። ውሃው ከላንግዮኩል የበረዶ ግግር ቀልጦ በገሞራ ድንጋይ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሲጣራ የቆየ ስለሆነ ይጠጣል፤ እስከ 100 ሜትር ድረስም ያሳያል። ለዓይን እንዲህ የጠራ ውሃ ማግኘት ብርቅ ነው።

ሙቀቱ ክረምት ከበጋ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ስለዚህ ውሃ የማያስገባው ድራይ ሱት ግዴታ ነው፤ አስጎብኚዎቹም በድራይ ሱት የመጥለቅ ሰርተፊኬት ወይም ልምድ ይጠይቃሉ። ልብሱን እዚያው ማከራየታቸው ጥሩ ነው፤ ልክነቱን ማረጋገጥ ግን የራስዎ ሥራ ነው። አንገትን አጥብቆ በሚይዘው ላስቲክ (ላቴክስ) ሥር አንዲት ፀጉር ወይም የውስጥ ልብስ ጠርዝ ከገባች፣ ውሃው በእሷው መንገድ ደረት ድረስ ይወርዳል። ጣትዎን ዙሪያውን አዙረው ይፈትሹ። የእጅ አንጓም እንዲሁ ነው፦ እጅ ሲጨበጥ ጅማቱ ይነሳና ከጎኑ ቀጭን ቦይ ይፈጠራል፤ ውሃው በዚያ ይሰርጋል። ዚፑን እስከ መጨረሻው ጥርስ ድረስ ሌላ ሰው ይዝጋልዎ። ቀድሞ የሚደነዝዘው ጣት ነው፤ ውሃ የማያስገባ ጓንት ካላቸው እሱን ይምረጡ።

ሬጉሌተሩ፣ ማለትም የሲሊንደሩን አየር ወደ አፍ የሚያደርሰው መሣሪያ፣ ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ መሆን አለበት። ከሲሊንደር የሚወጣ አየር ሲሰፋ ይቀዘቅዛል፤ ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ደግሞ በ0 ዲግሪ ስለሚረጋ ከባሕር ይልቅ ፈጥኖ በረዶ ይሠራል። ከዚያ ሬጉሌተሩ ተከፍቶ ይቀርና አየሩ ሳያቋርጥ ይፈሳል። ጭንቅላት ውሃ ውስጥ ሳይገባ አይተንፍሱበት፣ የአየር መልቀቂያውን ቁልፍ በከንቱ አይጫኑ፣ ልብሱንም በአየር በአጭር በአጭሩ ይሙሉ። መፍሰስ ከጀመረ በቀስታ እየተነፈሱ ለመሪው ምልክት ይስጡና አብረው ይውጡ።

ለመስመጥ በሚታጠቁት የእርሳስ ክብደት ላይም ስህተት ይበዛል። ባሕር ውስጥ በዚሁ ልብስ የለመዱ ከሆነ፣ ሰውነትና ዕቃ ተደምሮ 100 ኪሎ ለሚሆን ጠላቂ 2.5 ኪሎ ያህል ይቀንሱ። ከመጠን በላይ ከጫኑ ለማካካስ አየር ይጨምራሉ፤ ትርፉ አየር ደግሞ ጥልቀቱ 1 እና 2 ሜትር በሚሆንባቸው ቦታዎች ላይ ሲሰፋ ወደ ላይ ይወረውርዎታል።

የተፈቀደው ጥልቀት 18 ሜትር ነው፤ ዋሻ መግባት ክልክል ነው። «ካቴድራል» የሚባለው ክፍል ለብቻው የከፈሉትን ገንዘብ ያካክሳል፦ ዳር እስከ ዳር ይታያል፣ ግድግዳው ላይ ሰማያዊው ብርሃን ይጫወታል። መጨረሻ ላይ ያለው ሐይቅ ወለል ደለል ስላለው ፊንዎን (የእግር መቅዘፊያዎን) ከወለሉ ከፍ ያድርጉ፤ ወራጁ ወደ ትልቁ ሐይቅ ሳይገፋዎት ወደ ግራ ይታጠፉ። ከወጡ በኋላ ዕቃውን ተሸክሞ የሚመለሰው መንገድ ያደክማል። ዓሣ የሚፈልግ አይምጣ፤ ጥቂት ነው። ድራይ ሱት ያልለመደ ሰው ስኖርክል (በቱቦ እየተነፈሱ ከውሃው ላይ መንሳፈፍ) ይምረጥ፤ የውበቱ አብዛኛው ክፍል ከላይ ስለሆነ ብዙ አያመልጠውም። አውሮፕላን ለመሳፈር ደግሞ ጠላቂው ከአንድ መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ 18 ሰዓት ይጠብቅ።