ስካኒያ ወይስ «ማን»? ለሚሌ–ኮምቦልቻ መስመር

ሁለቱም የከባድ ጭነት መኪና አምራቾች በፎልክስዋገን ሥር ባለው ትራቶን በተባለ ኩባንያ የተያዙ ናቸው፤ በገበያ ላይ ግን አንዱ የሌላውን ደንበኛ ለመውሰድ ይፎካከራል። ከጅቡቲ ጭኖ በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ለሚወጣ ባለንብረት ዋናው ጥያቄ ሞተሩ ነው።

ጉልበት፦
ስካኒያ፦ ባለ ስምንት ሲሊንደሩ 16.4 ሊትር ሞተር እስከ 770 የፈረስ ጉልበት አለው።
«ማን»፦ ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ዲ38፣ 15.2 ሊትር፣ እስከ 640።
ከአፋር ቆላ ወደ ወሎ ከፍታ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ትርፍ ጉልበት ይጠቅማል። ለተራ ኮንቴይነር ግን ይህን ሁሉ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ 13 ሊትር ገደማ ያለው ሞተር ይበቃል።

በዚህ መደብ ልዩነቱ ጠቧል። ስካኒያ በ2021 እ.ኤ.አ. ያቀረበው «ሱፐር» የተባለ ሞተር ለ«ማን» ዲ30ም መሠረት ሆኗል።

አደጋ፦ የሁለቱም ዩሮ 6 (የአውሮፓን የጭስ ልቀት ደረጃ የሚያሟሉ) ሞተሮች ድኝ ያነሰበት ናፍጣ ይፈልጋሉ። ለባቲ ቁልቁለት ደግሞ ሪታርደር (የእግር ፍሬኑን ሳያግል መኪናውን የሚያዘገይ ረዳት ፍሬን) የሌለው መኪና፣ የትኛውም ቢሆን፣ ፈጽሞ አይገዛ!

ከባድ ማሽን ለሚያጓጉዝ የስካኒያ ባለ ስምንት ሲሊንደር ይመረጣል። እህልና ሲሚንቶ ለሚጭን ደግሞ፣ መለዋወጫውና መካኒኩ በኮምቦልቻ ወይም በደሴ የሚገኝለት ከሆነ፣ የ«ማን» 12.4 ሊትር ዲ26 ይስማማዋል።